የአንጀት ባክቴሪያና ኦቲዝም፤ ሳይንሱ የት ደረሰ? ገበያውስ?

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደውሎ አንድ የሕግ ጥያቄ ጠየቀኝ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጁ ኦቲዝም አለበት። አንድ ነጋዴ በቴሌግራም አግኝቶት «የልጅህ ችግር ጭንቅላቱ ሳይሆን አንጀቱ ነው» ይለዋል፤ ከውጭ መጣ የተባለ የባክቴሪያ እንክብልም በሁለት ወር ደመወዙ ይሸጥለታል። ሦስት ወር አለፈ፤ ልጁ እንደዚያው ነው። «ልከሰው እችላለሁ?» አለኝ።

ወደ ሕጉ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውዬው የሸጠው ሐሰት ብቻ ነው ወይስ እውነት የተቀላቀለበት ነው የሚለውን ማወቅ ነበረብኝ። እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ማስረጃ መመዘን ግን ሙያዬ ነውና ያገኘሁትን ለአንባቢ ላቅርብ።

እውነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ በሆድ ድርቀት፣ በተቅማጥና በቁርጠት ይሠቃያሉ። መናገር የማይችል ልጅ «ሆዴን አመመኝ» አይልም። እጁን ይነክሳል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። ቤተሰብ ይህን «የኦቲዝሙ ጠባይ» ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንድ ሐኪምም እንዲሁ። ስለዚህ ሆዱን ማከም በራሱ ተገቢ ነው። ጥያቄው አንጀትን ማከም ኦቲዝሙን ራሱን ይለውጣል ወይ የሚለው ነው።

ሐሳቡን ካነሡት ቀደምት ሰዎች አንዷ ሐኪም ሳትሆን እናት ናት። ኤለን ቦልቴ የተባለች አሜሪካዊት ልጇ ለጆሮ ሕመም ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ ጠባዩ እንደተለወጠ አስተውላ፣ በአንጀቱ ያሉት ባክቴሪያዎች ተዛብተው ይሆናል የሚል መላ ምት እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመች። ሐኪሞች ሰሟት። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት 11 ልጆች ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በአፍ ወሰዱ። የአብዛኞቹ ጠባይ ለጊዜው ተሻሻለ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን መሻሻሉ አልዘለቀም።

በዚያው በ1998 ሌላ የአንጀትና የኦቲዝም ታሪክ ለንደን ላይ ተጀምሮ ነበር፤ ይኸኛው ግን መጥፎ ነው። አንድሩ ዌክፊልድ 12 ሕፃናትን ይዞ የኩፍኝ ጥምር ክትባትን ከአንጀት ሕመምና ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ «ላንሴት» ላይ አወጣ። መጽሔቱ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ዌክፊልድም ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። ጉዳቱ ግን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ ኩፍኝ ከያዛቸው 75 ሰዎች አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ተወላጅ ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸው ኦቲዝምን ፈርተው ክትባት ትተው ነበር።

ዛሬ በየቴሌግራሙ የሚጠቀሰው ጥናት የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሲሆን ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 18 ልጆች ተሳትፈውበታል። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ቫንኮማይሲን ወሰዱ፣ አንጀታቸው ታጠበ፣ ከዚያም ከጤነኛ ሰው ሰገራ ተለይቶ የተዘጋጀ የባክቴሪያ ቅንብር ለሳምንታት ተሰጣቸው። (ይህን ቁርስ ላይ ለምታነቡ ይቅርታ፤ የሕክምናው ስም ራሱ የሰገራ ንቅለ ተከላ ነው።) የሆድ ሕመማቸው ምልክት 80 ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ የኦቲዝም መለኪያቸውም ተሻሻለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ክትትል ደግሞ የኦቲዝም ምልክታቸው ከመነሻው 45 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ ገለጸ።

እዚህ ላይ ጠበቃው ከወንበሩ ይነሣል። 18 ልጆች ጥቂት ናቸው። ማስመሰያ የወሰደ የንፅፅር ቡድን አልነበረም፤ ወላጆቹም ሐኪሞቹም ልጁ ምን እንደተሰጠው ያውቁ ነበር። ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱም ያድጋል፣ ይማራል። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ትልቅና በማስመሰያ የሚመዘን ጥናት እንደሚያስፈልግ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ቆርጦ የሚጥለው ሻጩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ያከበደው እ.ኤ.አ. በ2021 «ሴል» በተባለው መጽሔት የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። የ247 ልጆችን ሰገራ መርምሮ ኦቲዝም ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር ያለው ቀጥተኛ ግንኙነት እጅግ አነስተኛ ሆኖ አገኘው። ነገሩን የተገላቢጦሽ አየው ማለት ይቻላል፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምግብ ይመርጣል፣ ጥቂት ዓይነት ብቻ ይበላል፣ በዚህም የተነሣ የአንጀቱ ባክቴሪያ ዓይነት ይቀንሳል። ቀደም ሲል በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተቃራኒውን ጠቁመው ነበር፤ አይጥ ግን ቋንቋ አይማርም። እኔን ያሳመነኝ የአውስትራሊያው ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን አይመስለኝም።

የሰገራ ንቅለ ተከላ አደጋ የለውም እንዳይባል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሁለት ሕሙማን ከለጋሹ ሰገራ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ተላልፎባቸው አንዱ ሞቷል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ከሰገራ የተዘጋጁ ሁለት መድኃኒቶችን ሲፈቅድም፣ የፈቀደው ለአዋቂዎችና ደጋግሞ ለሚያገረሽ አንድ የአንጀት ኢንፌክሽን እንጂ ለኦቲዝም አይደለም። ፕሮባዮቲክ የሚባሉት እንክብሎች በአብዛኛው ያን ያህል አያሰጉም። በጥናት ሲፈተኑ ግን ውጤታቸው የተደበላለቀ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ሆዱ ይቀለዋል፣ የኦቲዝሙ ክብደት ግን በአጠቃላይ አልቀነሰም።

የእኛ አገር አንጀት ደግሞ ከአሪዞናው የተለየ ጉዳይ አለው። ወስፋትና ጃርዲያ በልጆቻችን ሆድ ውስጥ ብርቅ አይደሉም፤ አንቲባዮቲክም ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል። ለልጅ ባክቴሪያ ከመግዛት በፊት የሰገራ ምርመራ ማድረግ ርካሹና ትክክለኛው መንገድ ነው። «እንጀራችን የቦካ ስለሆነ ይበቃል» የሚሉም አሉ። እርሾው ውስጥ ሕያዋን አሉ፤ የጋለው ምጣድ ግን ይገድላቸዋል። ሕያው ሆኖ ሆድ የሚገባው እርጎ ነው፤ እሱም ካልተፈላ ወተት ከሆነ ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የጓደኛዬ እናት የአንኮበር ሰው ናቸው። ልጁን ጻድቃኔ ማርያም ወስደው ማስጠመቅ ይፈልጉ ነበር፤ አባትየው ደግሞ «ሳይንስ ነው» ያለውን ገዛ። አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ብዙዎቹ ምክንያቱን ከወሊድ ችግር ወይም ከጭንቅላት ጉዳት ጋር ከርኩስ መንፈስና ከእግዚአብሔር ቅጣትም እንደሚያያይዙት ገልጿል። እኔ አያቲቱን አልወቅሳቸውም፤ ጸበሉ ቢያንስ ደመወዝ አልጠየቀም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ የሚደበቅበት ዘመን ነበር። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የደከሙት ልጆቹ እንዲወጡና እንዲማሩ ነው። እስካሁን የተሻለ ማስረጃ ያለውም እዚያው በኩል ነው፦ የንግግርና የጠባይ ሥልጠና፣ ወላጅን ማሠልጠን። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየሳምንቱ ልጅ ይዞ ለሚመላለስ አባት ይህ ቀላል አይደለም፤ እንክብሉን የሚያሻሽጠውም አንዱ ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሕጉ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ ሊውል አይችልም። «ማሟያ ምግብ ነው» የሚለው መከላከያም «ኦቲዝም ያድናል» ብሎ ላስተዋወቀ ሰው አያዋጣም፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በተንኮል የተደረገ ውል ሊፈርስ ይችላል፤ አቤቱታው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የቴሌግራሙን መልእክትና የባንክ ደረሰኙን አለመጥፋት ነው ዋናው። በሌላ አገር ነገሩ እስር ቤትም አድርሷል፦ ኦቲዝምን ጨምሮ ብዙ በሽታ ያድናል እያለ የማንጫ ኬሚካል ይሸጥ የነበረ የፍሎሪዳ አባት ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበታል።

ጓደኛዬ ደረሰኙን አስቀምጦ ነበር፤ መልእክቶቹን ግን በንዴት አጥፍቷቸዋል። ሻጩ ስልኩን ቀይሯል። ልጁ ሆስፒታል ተወስዶ ሲመረመር ጃርዲያና የከረመ የሆድ ድርቀት ተገኘበት። ታከመ። አሁን ሌሊት ይተኛል፣ እጁን መንከስም ቀንሷል፤ እስካሁን ግን አልተናገረም። በቀደም ስንደዋወል አባትየው ስለ ክሱ አላነሣም፤ የጠየቀኝ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ወር የሚከራይ ርካሽ ክፍል እንድፈልግለት ነበር።