ሰፈር የወረደው ዩኒቨርሲቲ

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እስከ 1871 ድረስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ያልሆነን ሰው ሙሉ አባል አያደርጉም ነበር (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ገደብ ቢያነሣም፣ ለከተማ ድሀ ልጅ ሌሎች በሮች እንደተቆለፉ ቀሩ። ግሪክኛ የማያውቅ ተማሪ ካምብሪጅ እስከ 1919፣ ኦክስፎርድ እስከ 1920 አይገባም ነበር፤ ላቲን ደግሞ በሁለቱም ዘንድ እስከ 1960 ግዴታ ሆኖ ቆይቷል። እነዚህን ቋንቋዎች አጥብቀው የሚያስተምሩት በአብዛኛው በክፍያ የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ፣ መግቢያው ከዕውቀት ጋር የአባትን ኪስም ይመዝን ነበር።

በሩን ከመክፈት ይልቅ ዩኒቨርሲቲውን ወደ ውጭ ማውጣት ይቀላል የሚለው ሐሳብ ቀድሞ መጣ። ዊልያም ሴዌል የተባለ የኦክስፎርድ መምህር በ1850 ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ትምህርት የሚሻውን ሕዝብ ወደ ኦክስፎርድ ማምጣት ካልተቻለ መምህራን እንደ ማንቸስተርና በርሚንግሃም ባሉ ትልልቅ ከተሞች ተመድበው ያስተምሩ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለጋስ ነው፤ ሆኖም ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎቹን ከአንድ የማይመች ጥያቄ አድኗቸዋል። መምህሩ ወደ ሕዝቡ ከሄደ ሕዝቡ የሚገባበት በር ለምን ጠበበ ብሎ የሚጠይቅ ይቀንሳልና።

ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋለው የካምብሪጁ ጄምስ ስቱዋርት ነው። በ1867 በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ለሴቶች ማኅበራት ማስተማር ሲጀምር አንድ ችግር ገጠመው። ወጣት ወንድ መምህርና ወይዛዝርት በጉባኤ ፊት ጥያቄና መልስ መለዋወጣቸው ያን ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አደለ፤ እነርሱም በጽሑፍ መለሱ። በሮችዴል ለሠራተኞች ሲያስተምር ደግሞ ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ከግድግዳው ሳያወርድ ሄደ፤ ሰዎቹ ከበዋቸው ሲከራከሩ ቆዩ፤ ከንግግሩ ጎን የውይይት ክፍለ ጊዜ የተጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ካምብሪጅ በ1873 ሥራውን በይፋ ተቀብሎ በኖቲንግሃም፣ በደርቢና በሌስተር ጀመረ፤ ለንደን በ1876፣ ኦክስፎርድም በ1878 ተከተሉ። ይህ እንቅስቃሴ «ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን» ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለማታ ተማሪ የሚሰጠው «ኤክስቴንሽን» የሚለው ስም ከዚሁ የተወረሰ ነው፤ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ስሙን ያገኘው ከዚያው ምንጭ ነው።

ከተሰብሳቢው መካከል ግን የድሀ ሰፈር ሰው ጥቂት ነበር። ቀን ቀን ጊዜ ያላቸው የመካከለኛው መደብ ሴቶች፣ ማታ ማታ ጸሐፊዎችና መምህራን አዳራሹን ይሞሉት ነበር። የትምህርቱ ወጪ የሚሸፈነው ከተሰብሳቢው ኪስ ስለሆነ በሳምንት ደመወዝ የሚኖር ሠራተኛ አይዘልቅበትም። የኖርዘምበርላንድ ከሰል ቆፋሪዎች ልዩ ሆነው በ1880ዎቹ መጀመሪያ በብዛት ተከታተሉ፤ የ1887ቱ የሥራ ማቆም አድማ ገቢያቸውን ሲያደርቀው ትምህርቱም አብሮ ደረቀ።

ሁለተኛው እርምጃ መኖሪያ ቤትን ይዞ መጣ። ሳሙኤል ባርኔት የተባለ ቄስ በ1873 ከባለቤቱ ከሄንሪየታ ጋር በምሥራቅ ለንደን ኋይትቻፕል ወደሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ ደብር ሲመጣ፣ ሰፈሩ የመርከብ ወደብ ቀን ሠራተኞች፣ የልብስ ሰፊዎችና በየጊዜው የሚገቡ ስደተኞች መናኸሪያ ነበር። ባርኔት በ1883 በኦክስፎርድ ቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ባነበበው ጽሑፍ፣ ምሩቃን ለድሀ ገንዘብ ከሚልኩ ይልቅ መጥተው ጎረቤት እንዲሆኑ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት 1884 ቶይንቢ አዳራሽ ተከፈተ። ስሙ በ1883 በ30 ዓመቱ ለሞተው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ሊቅ ለአርኖልድ ቶይንቢ መታሰቢያ ነው። ሕንፃው ራሱ የኦክስፎርድ ኮሌጅ እንዲመስል ሆኖ ተሠራ። አሠራሩ በእንግሊዝኛ ሰፈራ የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው፤ የሰፈሩት ግን ድሆቹ ሳይሆኑ የተማሩት ናቸው።

ቀን በየሥራቸው የሚውሉት ነዋሪ ምሩቃን ማታ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ትምህርት ይሰጡ፣ ለተከሰሱና ለተበደሉ የሕግ ምክር ይለግሱ ነበር። ባርኔት በየዓመቱ ያዘጋጀው የነበረው የሥዕል ትርኢትም በ1901 የኋይትቻፕል የሥዕል አዳራሽን ወለደ። ከአዳራሹ አጠገብ ቀን ሠርተው ማታ ለሚማሩ ወጣቶች ዋድሃም ሃውስና ቤሊዮል ሃውስ የሚባሉ ማደሪያዎች ተከፍተው ነበር፤ የባርኔት ምኞት ከእነዚህ ተነሥቶ በምሥራቅ ለንደን ዩኒቨርሲቲ እንዲበቅል ነበር። እንዳሰበው አልሆነም። ቶይንቢ አዳራሽ ከኋይትቻፕል ልጆች ይልቅ የኦክስፎርድን ልጆች ነው በሚገባ ያስተማረው። ዊልያም ቤቨሪጅ በ1903 ምክትል ኃላፊ ሆኖ ገብቶ ሥራ አጥነትን አጠና፤ በ1942 የጻፈው ሪፖርት ለብሪታንያ ማኅበራዊ ዋስትና መሠረት ሆነ። ክሌመንት አትሊም ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት የአዳራሹ ጸሐፊ ነበር። ጄን አዳምስ በ1888 ጎብኝታው በቀጣዩ ዓመት በቺካጎ ሐል ሃውስ የተባለውን ተመሳሳይ ቤት አቋቋመች። የሰፈሩን ልጅ በትክክል ወደ ዲግሪ ያደረሰው በመጨረሻ በማይል ኤንድ መንገድ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1887 የከፈተችው «የሕዝብ ቤተ መንግሥት» ነው፤ የሙያ ትምህርት ክፍሉ አድጎ ምሥራቅ ለንደን ኮሌጅ ሆነ፣ በ1915 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሙሉ አካል ተባለ፣ ዛሬ ኲን ሜሪ ይባላል።

ትኩረቱ ከአዋቂዎች ወደ ተማሪዎች የዞረው ቀስ ብሎ ነው። ሲድኒ ዌብ ከ1893 ጀምሮ በለንደን ምክር ቤት የቴክኒክ ትምህርት ቦርድ ሰብሳቢነቱ ከአንደኛ ደረጃ ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣ የስኮላርሺፕ መሰላል ዘረጋ፤ እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ እየጠበበ ይሄድ ነበር። መንግሥት በ1920 በዓመት 200 ስኮላርሺፕ መስጠት ጀመረ። በ1944ቱ የትምህርት ሕግ ሁለተኛ ደረጃ በነጻ ሆነ፤ ሆኖም በ11 ዓመት የሚሰጥ ፈተና ልጆችን ለያቸው፣ ያለፉትም ያላለፉትም በአብዛኛው ቤተሰባቸው የነበረበት ቦታ ተመልሰው ገቡ። በ1962 ለመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበሉትን ሁሉ የአካባቢ አስተዳደር እንዲደጉም ግዴታ የሚጥል ሕግ ወጣ፤ የትምህርት ክፍያው ተሸፈነ፣ እንደ ወላጅ ገቢ ድርጎም ተጨመረ።

ከፍተኛ ትምህርትን እንዲያጠና መንግሥት ያቋቋመው የሮቢንስ ኮሚቴ በ1963 ያወጣው ሪፖርት ቁጥሩን ፊት ለፊት አስቀመጠው። ከአንድ የዕድሜ እርከን ወጣቶች 8.5 በመቶው በሙሉ ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት ላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው 4 በመቶ ነው። ከከፍተኛ ባለሙያ አባት የተወለደ ልጅ የመግባት ዕድሉ 45 በመቶ ሲሆን፣ ሙያ ከሌለው ወይም ግማሽ ሙያ ካለው ሠራተኛ የተወለደው 2 በመቶ ነበር። ኮሚቴው ይህን ልዩነት በልጆቹ አእምሮ ሊያብራራው አልቻለም፤ የተሰጥኦ እጥረት የለም አለ። ይህ ፍርድ የኋላ ዘመን ሥራ ሁሉ መነሻ ነው።

የጥንቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን አሠራር መመርመር የጀመሩትም በዚህ ዘመን ነው። የኦክስፎርዱ ኸርትፎርድ ኮሌጅ ከ1965 ጀምሮ፣ በፊዚክስ መምህሩ በኒል ታነር አነሣሽነት፣ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እየጻፈ ተማሪ ይጠይቅ፣ የመግቢያ ፈተናውን ትቶ በቃለ መጠይቅ ብቻ ይቀበል ጀመር። ሌሎች ኮሌጆች ኸርትፎርድ ደንብ ጣሰ ብለው ቅር ተሰኙ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የገቡት ልጆች በውጤት አላሳፈሩትም። የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪን ለመግቢያ ፈተና ሲሉ አንድ ተጨማሪ መንፈቅ ያቆዩበት የነበረው ልማድ በ1980ዎቹ ቀረ፤ ኦክስፎርድም ፈተናውን ራሱን በ1995 ተወ። በ1978 ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ሰባት የአካባቢ አስተዳደሮችን ጠርቶ፣ ኤ ሌቭል የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት የሌላቸው አዋቂዎች የሚዘጋጁበት መግቢያ ኮርስ እንዲከፍቱ ጠየቀ፤ በተለይ የካሪቢያንና የእስያ ተወላጅ የሆኑ የከተማ ነዋሪዎች ታስበው ነበር። የውስጥ ለንደን ትምህርት ባለሥልጣን በ1990 እስኪፈርስ ድረስ ይህን ሥራ ይዞ ቆየ።

ተማሪውን ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚከተል አሠራር የተጀመረው በ1997 አካባቢ ነው። ፒተር ላምፕል ያቋቋመው ሰተን ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በዚያ ዓመት በኦክስፎርድ የመጀመሪያውን የክረምት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዘመድ የሌለው ልጅ አንድ ሳምንት በኮሌጁ አድሮ፣ ተምሮ፣ ምግብ ቤቱን ለምዶ ይመለስ ነበር። የቶኒ ብሌየር መንግሥት በ1999 የከተሞችን ትምህርት ቤቶች ለማንሣት ባወጣው መርሐ ግብር ውስጥ ለንደን፣ በርሚንግሃም፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር፣ ሊድስና ሼፊልድን አስቀደመ። በ2000 ደግሞ ከሰሜን እንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣች ጎበዝ ተማሪ በኦክስፎርድ ሳትመረጥ መቅረቷን የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በአደባባይ ነቀፉ፤ ክርክሩ ለሳምንታት ጋዜጦችን ሞላ። የተበታተኑት ጅምሮች በ2004 «ኤምሃየር» በሚባል ብሔራዊ ሥራ ተጠቃለሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ የሰፈር ልጅ አማካሪ ሆኖ ይመደብ፣ ወላጆች ስለ ብድርና ስለ ማመልከቻ ይማሩ፣ ልጆች ካምፓስ ይጎበኙ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ሲሠሩ የመግቢያ ዋጋው እየወጣ ነበር። በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ የነበረው ክፍያ በ2006 እስከ 3,000፣ በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። የ2004ቱ ሕግ ከመደበኛው በላይ ማስከፈል የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ድሀ ተማሪዎችን እንዴት እንደሚስብ የሚገልጽ ስምምነት እንዲፈርም አደረገ፤ በዚህም ሥራው ከበጎ ፈቃድ ወጥቶ ግዴታ ሆነ። ኤምሃየር ግን በ2011 ተዘጋ፤ ከ16 ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች በሳምንት እስከ 30 ፓውንድ የሚሰጠው ድጎማም በእንግሊዝ በዚያው ሰሞን ቀረ።

የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የሕክምና ትምህርት ቤት በ2001 የጀመረው አሠራር ከሌሎቹ ይለያል። ልጆችን ለማነሣሣት ብቻ ሳይሆን በሩን ራሱን ለወጠ። ከኮሌጁ ሆስፒታሎች ዙሪያ ካሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ዝቅ ባለ የኤ ሌቭል ውጤት ይገቡ ጀመር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈተናውም ዲግሪውም ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። አምስት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት ለእነርሱ ስድስት ይሆናል።

ማን «ዕድል ያጣ» ተብሎ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ለንደንን አስቸግሯታል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የነበረው መለኪያ አካባቢዎችን በወጣቶቻቸው የዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ አምስት ቦታ ይከፍል ነበር፤ በለንደን ግን ድሀውም ልጅ ስለሚማር ዋና ከተማዋ በዝቅተኛው ምድብ ውስጥ እምብዛም አትታይም ነበር። በ2010ዎቹ መጨረሻ በቤተሰባቸው ድህነት ምክንያት በትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ከሚያገኙ የውስጥ ለንደን ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ፣ በእንግሊዝ በጠቅላላው ደግሞ ሩብ ያህሉ፣ በ19 ዓመታቸው ከፍተኛ ትምህርት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ስድስት ሆነው በሁለት ክፍል የሚኖሩ የሃክኒ ወይም የላምበዝ ልጆች በመለኪያው እንደ ዕድለኛ ይቆጠሩ ነበር። በዚህ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ አለ። ሙሉ ስደተኝነት የተሰጠው ልጅ የተማሪ ብድር ሲያገኝ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ ያደገው ከ2012 ጀምሮ ተከልክሎ ነበር፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችንም ይህ ይነካቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 እገዳውን ከተቸ በኋላ፣ የዕድሜውን እኩሌታ በአገሩ የኖረ ወጣት እንዲበደር ደንቡ ተሻሻለ።

ኦክስፎርድ ከከተማ ድሀ ሰፈር ጋር ያለው ግንኙነት በሌዲ ማርጋሬት ሆል ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል። ለሴቶች የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ በ1897 ምሩቃኑን ልኮ በላምበዝ እንደ ቶይንቢ አዳራሽ ያለ ቤት ከፈተ። በ2016 ደግሞ አስር ያህል ተማሪዎችን ከተለመደው በታች በሆነ ውጤት ተቀብሎ፣ ክፍያቸውንና ማደሪያቸውን ችሎ፣ ለአንድ ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጠ። አሠራሩ የተቀዳው ከደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነበር፤ በ2023 ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ ለሌሎች ኮሌጆችም አስፋፋው።