ለዓመታት ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ

የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በመኖሪያ ቤት ከሚገኙ ዕቃዎች መካከል ከፍተኛ ኃይል ከሚጠቀሙት አንዱ ነው። በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ይህም የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ መጠን ነው። በሌላ ዕቃ ላይ ቢደርስ ቀላል የሚባል ብልሽት በምጣድ ላይ ሲደርስ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መረጃ የዋስትና ጊዜው ያለፈበት ምጣድ ላላቸው ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ነው።

የሚነዝር ምጣድ

ጨርሶ መጋል ያቆመ ምጣድ መበላሸቱ ግልጽ ነው። ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው እንጀራ እየጋገረ የሚነዝረው ነው። «ትንሽ ትነዝራለች» እየተባለ የላስቲክ ጫማ አድርጎ ወይም ጣውላ ላይ ቆሞ መጋገር በብዙ ቤቶች ተለምዷል፤ ይህ ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ምጣዱ የሚነዝረው ኤሌክትሪኩ ከማሞቂያ ሽቦው አልፎ ወደ ላሜራው በመድረሱ ነው። ዛሬ በደረቅ እጅ ሲነካ በመጠኑ የነዘረ ምጣድ፣ ነገ እጅ በሊጥ ሲርስ ወይም ወለሉ ውኃ ሲይዝ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ የሸክላው መሰንጠቅ ነው። ሊጥና ውኃ በስንጥቁ ሰርገው ሽቦው ወደተቀበረበት ጄሶ ይደርሳሉ፤ የረጠበው ጄሶም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስንጥቁን ከላይ በሲሚንቶ ወይም በጄሶ መድፈን የሚሸፍነው ምልክቱን ብቻ ነው። ሌላው መንስኤ በሙቀት የተላጠ ገመድ ላሜራውን መንካቱ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ላሜራው በአግባቡ ከተዘረጋ የመሬት ሽቦ፣ በተለምዶ ግራውንድ ከሚባለው፣ ጋር ከተገናኘ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም በርካታ ነባር ቤቶች ግራውንድ የላቸውም። ባለሦስት ቀዳዳ ሶኬት መኖሩም ብቻውን ግራውንድ ለመኖሩ ማረጋገጫ ስለማይሆን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስፈተሽ ይገባል።

የሚነዝር ምጣድ ሲያጋጥም አስቀድመው ብሬከሩን ያጥፉ፤ ሶኬቱን የሚነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ ኃይሉ ሳይቋረጥ በእጅ አይንኩት። እሳት ከተነሳም ኃይሉ ሳይቋረጥ ውኃ መጠቀም ክልክል ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው።

የጠቆረ ሶኬት

የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት፣ ሲነካ የሚያቃጥል ገመድ ሁሉም የላላ ግንኙነት ወይም የቀጠነ ሽቦ ምልክቶች ናቸው። የግድግዳውና የገመዱ ሶኬት አብረው ሊለወጡ ይገባል፤ አንዱ ብቻ ቢለወጥ የተበላሸው አዲሱን መልሶ ያቃጥለዋል። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። ከብሬከር እስከ ሶኬት ያለው ሽቦ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ለምጣድ ብቻ በሚዘረጋ መስመር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመረጣል።

ቶሎ የማይግል ምጣድ

ምጣዱን ወደ ጥገና ከመውሰድዎ በፊት አምፖሎችን ይመልከቱ። እነርሱም ደብዝዘው ከሆነ ችግሩ የኃይል መውረድ ሊሆን ይችላል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ደህና ምጣድም ቢሆን አይን የሌለው እንጀራ ያወጣል። ችግሩ ጎረቤትም ካለ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያሳውቁ። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው መስመር ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ቆጣሪውን ራሱን መክፈት በሕግ የተከለከለ ነው።

አምፖሉ ደህና ሆኖ ምጣዱ በአንድ ወገን ብቻ የሚያበስል ከሆነ ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከማሞቂያ ሽቦው፣ በተለምዶ ሬዚስታንስ ከሚባለው፣ ነው። በዚህ ጥገና ላይ ተጠቃሚው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል። አንዳንድ ጠጋኞች የተቃጠለውን ክፍል ቆርጠው ጫፎቹን ያያይዛሉ። ሽቦው ባጠረ መጠን የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 16 አምፔር ይወስድ የነበረው ምጣድ ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። ምጣዱ ከበፊቱ ፈጥኖ ስለሚግል ባለቤቱ ጥገናውን ያመሰግናል፤ ሶኬቱና ገመዱ ግን ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ። ስለዚህ ሽቦው ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ፣ የአዲሱ ሽቦ አቅምም ከቀድሞው ጋር እኩል እንዲሆን ይጠይቁ።

ሽቦ፣ ገመድ ወይም ሶኬት ብቻ ከተበላሸ ማስጠገን ያዋጣል። ሸክላው ተሰንጥቆ ላሜራውም ዝጎ ከተበላ ግን አዲስ መግዛት ይሻላል።

መብትና አቤቱታ

የሻጩ ዋስትና ቢያበቃም ጥገናው ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአገልግሎቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ ያለ ደረሰኝ የቀረበ አቤቱታን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የተለወጠው ክፍል፣ ቀኑና ዋጋው የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የወጣውን አሮጌ ሽቦም አብረው ይረከቡ። ከጠጋኙ ጋር መስማማት ካልተቻለ ጉዳዩን በአካባቢው ለሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።

ከአገልግሎት የወጣን ምጣድ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ከኤሌክትሪክ መነቀሉን አረጋግጠው ገመዱን ከሥሩ ይቁረጡ። ገመዱ ያልተቆረጠ ምጣድ ተመልሶ ሊሸጥና ብልሽቱን በማያውቅ ሰው ቤት ሊሰካ ይችላል።