የሳሳው አየርና የአጎቴ ዋንጫ

ኳስን መጀመሪያ ያወቅኋት ዲላ ላይ ነው፤ ቆዳ ለብሳ፣ በአየር ተነፍታ ግን አልነበረም። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለን፣ በቃጫ ጠፍረን፣ ከቡናው ዛፍ ሥር እንለጋት ነበር። ወድቃ አትነጥርም። በውስጧ የታመቀ አየር ስለሌለ የወደቀችበትን ጉልበት እዚያው ትቀብረዋለች። ይህን ምክንያት የነገረን የሳይንስ መምህራችን ነበር።

ያው መምህር ስለ ከፍታ ሲያስተምረን የጌዴኦን ምድር ምሳሌ አደረገ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ካለችው ዲላ ተነሥቶ፣ በቡሌ በኩል ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን ደጋ የወጣ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት አየር ይተነፍሳል አለን። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል። የቆላው እንግዳ ልቡ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ሲሮጥ ፈጥኖ ይደክማል። ደሙ ቀይ ሕዋሳትን አብዝቶ እስኪለምድ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

እኔም ትምህርቴን ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። አጎቴ በወጣትነቱ በሬዲዮ የሰማውን የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ድል እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተጫወተች፤ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በጭማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እዚህ ሲደርስ የአጎቴ ድምፅ ይሰበር ነበር።

«ጋሼ፣ ያሸነፈው እኮ አየሩ ነው» አልሁት። ከፍታውን፣ ኦክስጅኑን፣ በጭማሪው ሰዓት የከበደውን የእንግዶቹን እግር ዘረዘርሁለት። ሰማኝ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጨዋታ በፊቴ አላነሣውም።

ለመሆኑ ትክክል ነበርሁ? ሳይንሱ ሐሰት አልነበረም። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ኳሷም ይህን ታውቃለች፤ የሚገታት አየር ስለሳሳ ርቃ ትሄዳለች። እየተሽከረከረች የምትሄድ ኳስ የምትታጠፍበትን ምክንያት ጀርመናዊው ጉስታቭ ማግኑስ እ.ኤ.አ. በ1852 መርምሮታል፤ የሚያጥፋት አየሩ ነውና አየሩ ሲሳሳ እጥፋቷም ይቀንሳል። ቆላ ላይ ያደገ በረኛ በዓይኑ የለካት ኳስ ደጋ ላይ ሌላ ኳስ ናት። ፊፋም በ1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ፣ የቦሊቪያና የጎረቤቶቿ ጩኸት ቢበረታበት በዓመቱ ክልከላውን አንሥቷል።

ነገር ግን መዝገቡን ሳገላብጥ ሌላ እውነት አገኘሁ። በ1960 ዓ.ም. ያው ዋንጫ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ ዋንጫውን በዚያው በሳሳ አየር ኮንጎ ኪንሻሳ ወሰደች። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬ ዳዋ ሲያስተናግዱ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈችም፤ ባለድሏ ሞሮኮ ነበረች። ከፍታው ያው ከፍታ ነው፤ አየሩም ያው አየር። አየር ብቻውን ዋንጫ የሚያነሣ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁለቱም የእኛ በሆኑ ነበር።

ደግሞስ ከ1954ቱ በፊት ያለውን ማን ያስታውሳል? በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋለች፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮም እንዲሁ 4 ለ 0። ስምንት ግብ ተቆጥሮባቸው አንድም ያላገቡ፣ ከዚያ በኋላ በፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ የተነሡ ሰዎች ታሪክ ነው። አየሩ የተቃዋሚን እግር ያዝል ይሆናል፤ በሽንፈት ላይ ሽንፈት የቀመሰን ሰው ግን ዳግም ወደ ሜዳ አያወጣውም።

ሳይንስን የያዝሁት በግማሹ ነበር። ግማሹን ዕውቀት ይዤ የአንድን ሰው ሙሉ ደስታ ነጠቅሁት። ይህን ሁሉ ቆጥሬ ስጨርስ አጎቴ በሕይወት አልነበረም። ዛሬ በዲላ ልጆች ኳስ ሲያሳድዱ ባየሁ ቁጥር ቆሜ እመለከታለሁ፤ ያቺ የእንሰት ቅጠል ኳስ፣ ያ የሬዲዮ ድምፅ፣ ያ መልስ ያጣሁበት ዝምታ አብረው ይመጡብኛል። አሁን ቢጠይቀኝ «ጋሼ፣ አየሩም ነበረ፤ እነሱም ነበሩ» እለው ነበር።