ከአቦል እስከ በረካ፦ የቡና ላይ ጨዋታ ታሪክ

በሦስት ጉዳዮች ላይ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ሐሳቡን ይሰጣል፤ በምግብ፣ በኳስና መልስ ባልተገኘላቸው ምሥጢሮች። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ምን ያህል ይቁላላ? ከድሮ አጥቂዎች ማን ይበልጣል? የአክሱምን ሐውልት ማን አቆመው? እነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የሚነሡት ረከቦት ዙሪያ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሰው ሐሳቡን እንዴት እንደሚናገርና ሲቃወሙት እንዴት እንደሚመልስ የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ የእናቴ ቡና አጣጮች ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው። ይህ ልማድ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከምናስበው በጣም ያጠረ፣ ባለቤቶቹም ከምናስበው የበዙ ናቸው።

ቡና ከኛው ጫካ የተገኘ ተክል ስለሆነ አጠጣጡም ጥንታዊ ይመስለናል። በደቡብና በምዕራብ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ሀገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ኦሮሞዎች የተቆላ ቡና በቅቤ አድርገው እያድቦለቦሉ ለረጅም ጉዞ ስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። ቡናን በቅቤ ቀቅሎና ቆልቶ የማቅረብ ሥርዓት እስካሁን ይኖራል። ሐረርም ቡናን የሚያውቀው ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር ሲነግድ ነው። የሰሜኑ ክርስቲያን ግን ለረጅም ዘመን አይጠጣም ነበር። ቡናና ጫት የሙስሊም፣ ጥንባሆም የርኩስ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ቡና ጠጥቶ የተገኘ ክርስቲያን ከካህናቱ ተግሣጽ አያመልጥም ነበር።

ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ከግብጽ የመጡት አቡነ ማቴዎስም ቡና የሙስሊም ብቻ ነው የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስወገድ ብዙ ጥረዋል። ከዚያ በኋላ ቡና በሸዋ ቤቶች ፈጥኖ ገባ። የደጋው ክርስቲያን ሙሉውን ሥርዓት፣ ጀበናውን፣ ሲኒውን፣ ሦስቱን ዙር፣ በየዙሩ የሚደረገውን ምርቃት፣ የተቀበለው ቀድመው ከያዙት ጎረቤቶቹ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ይህ በዓይን የሚታይ ነበር፤ በአንዱ ረከቦት ዙሪያ አንዷ አሚን ስትል ሌላዋ አሜን ትላለች፤ ጀበናው አንድ ነው። ስለዚህ «የአያቶቻችን ቡና» ስንል የብዙ አያቶችን እጅ እያነሣን መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ከሌላ መጠጥ ሁሉ ተለይቶ ቡና ለጨዋታ የተመቸው በአፈላሉ ምክንያት ነው። ጠላና ጠጅ ተጠምቀው ይቆያሉ፤ እንግዳው ሲመጣ ይቀዳሉ። ቡና ግን እንግዶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው የሚጀመረው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለሁሉም ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ እስኪሰክን ይጠበቃል። አቦል ሲቀዳ የጤና፣ የልጅና የገበያ ጥያቄ አልቋል። ቶና ላይ ክርክሩ ይሞቃል። በረካ ላይ የተከራከሩት ይታረቃሉ፤ ምርቃት ሳይወጣ ተቆጥቶ መነሣት ነውር ነው። ይህን ሥርዓት ማንም በሕግ አልጻፈውም። ግን ሰው ተቃውሞውን ለመናገር ጊዜ ይሰጠዋል፣ ተቃውሞው ወደ ጠብ እንዳይሄድም መጨረሻ ያበጅለታል። ለእኔ ከሸንጎና ከዕድር ቀጥሎ ሕዝባችን ከሠራቸው የመነጋገሪያ ሥርዓቶች ትልቁ ይህ ነው። የቤቱም ዳኛ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ጀበናውን የያዘችው ሰው ማን እንደሚናገርና መቼ እንደሚበቃ ታውቃለች።

ከምግብ ልጀምር። በማዕድ ላይ የቀረበን መንቀፍ ነውር ነው፤ እንጀራ አይሰደብም። በጉርሻ የመጣ ወጥ ጨው ቢበዛበትም ይዋጣል። አስተያየት የሚሰጠው በማግሥቱ ቡና ላይ ነው። ይህ ልዩነት መሠረት አለው፤ ማዕድ የአስተናጋጁ ክብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ጣይቱ ያዘጋጁትን ታላቅ ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ሲመዘግቡ የወጡን ዓይነት ሳይቀር ዘርዝረዋል። የምግቡ ብዛትና ዓይነት የመንግሥትነት ማሳያ ስለነበር፣ በዚያ ግብር ላይ ተቀምጦ «አልጣመኝም» የሚል አልነበረም። በገንዘብ የሚበላበት ቤት በአዲስ አበባ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣይቱ ሆቴላቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ከፍሎ የበላ ሰው ደግሞ መተቸት መብቱ ነው። ያን መብት ከሆቴሉ በፊት በየቤቱ ለሕዝቡ የሰጠው ቡና ነበር።

ክርክሩ ራሱ ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ ነበር። ዶሮ በ12 ብልት እንደሚወጣ፣ እያንዳንዱ ብልት ለማን እንደሚገባ፣ ሽንኩርቱ ያለ ውኃና ያለ ዘይት እስኪልም እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ እኔ የሰማሁት «የእንትና ሠርግ ወጥ ቀይ ነው እንጂ አልበሰለም» ከሚል ክርክር ነው። ቡናውም ራሱ አያመልጥም፤ ከገጠር የመጡት ጨው ይሻላል ይላሉ፣ የከተማዎቹ ስኳር፣ አንዳንዷ ጤና አዳም ካልገባበት ቡና አይደለም ትላለች። እኔ በበኩሌ ወጥ የሚበላሸው በበርበሬው ማነስ ሳይሆን በሽንኩርቱ ጥድፊያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቡናንም ያለ ምንም ነገር እጠጣዋለሁ። ሊቃወመኝ የሚፈልግ በረካ እስኪደርስ ጊዜ አለው።

ኳስ ዘግይቶ የገባ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት አራዳ ውስጥ ሲመሠረት ሀገሪቱ በጣሊያን ተወርራ ነበር። ኳስ በየቤቱ የገባው ግን በጥር 1954 ዓ.ም. ነው ማለት እችላለሁ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የኢትዮጵያና የግብጽ የፍጻሜ ጨዋታ ጥር 13፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ዋለ። ግብጻውያኑ ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌና ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለቴ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ ወርቁ ሲጫወት አላየሁም። ቢሆንም ከእርሱ የሚስተካከል አጥቂ አላፈራንም ብዬ የምከራከረው ጎሎቹን በቡና ላይ ደጋግሜ ስላየኋቸው ነው፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ሲኒውን ተከላካይ፣ ፈንዲሻውን ኳስ አድርገው ያሳዩን ነበር። ሰሎሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ድምፃቸው ስታዲየምን ደሴ ድረስ አመጡልን። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ልጅ ነበርኩ። ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍ ሬዲዮኑን ከበው ያለቀሱት፣ ኳስ ሜዳ ረግጠው የማያውቁ የሰፈራችን እናቶች ነበሩ። በማግሥቱም እያንዳንዷ ስለ መቺዎቹ የራሷ ፍርድ ነበራት። ዛሬ ልጆቻቸው ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲጣሉ ጨዋታው የውጭ ይሁን እንጂ የአከራከሩ ዘይቤ የእናቶቻቸው ነው።

ወደ ምሥጢሩ የሚወስደን ደግሞ አንድ ሯጭ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ጀምሮ በጨለማ አለቀ። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የወጣው መጨረሻው ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች ዘርፈው ሮም ባቆሙት በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። በባዶ እግሩ መሮጡ በየቡናው ስንት ምክንያት ተሰጠው! ስለት ነው ያሉ አሉ፣ ሐውልቱ ኃይል ሰጠው ያሉም አሉ። እውነቱ ግን ልምምዱን ያለ ጫማ የለመደ፣ ሮም ላይ ያገኘው ጫማም ያልተመቸው ብርቱ ወታደር መሆኑ ነው። ለእኔ ይህ ከተአምር ይበልጣል።

ሐውልቱ ራሱ 24 ሜትር ይረዝማል፤ 160 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ በአውሮፕላን ተቆራርጦ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ሲቆምም ትልልቅ መሣሪያ አስፈለገው። የጥንቶቹ ግን ድንጋዩን ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ከጎቦ ዱራ ፈልጠው አምጥተው አቆሙት። አንዱ ታቦተ ጽዮን ነው ያነሣችው ይላል፤ ሌላው ዝሆኖችን ይጠራል። ስለ ላሊበላም እንዲሁ፤ ሰው ቀን የፈለፈለውን መላእክት ሌሊት ያስፋፉት ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ቤተ ክርስቲያኖቹን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንኳን፣ የሚያነበኝ ሰው አያምነኝም ብሎ ሠግቶ መጻፉን አቁሟል። እኔ የማምነው የሰው እጅ እንደሠራቸው ነው። ማስረጃዬም የወደቀው ትልቁ ሐውልት ነው፤ 33 ሜትር ርዝመት፣ 520 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። የሚሞክርና ከአቅሙ በላይ የሚደፍር ሰው ነው። ይህን ስናገር እናቴ ቅር ይላት ነበር፤ ግን እስከ በረካ ድረስ ሰምታኝ፣ ሲኒዬን ሞልታ ትሰጠኝ ነበር።

ስለዚህ ልማድ መልካሙን ብቻ መጻፍ ግን ታማኝነት አይሆንም። በዚያው ረከቦት ዙሪያ፣ ከሐውልቱ ምሥጢር ቀጥሎ፣ የቡዳ ወሬ ይነሣ ነበር። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ጥፋቱ የሚለጠፈው በእጅ ባለሙያዎች ላይ ነበር፤ በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸማኔው፣ በቆዳ ፋቂው፣ በሸክላ ሠሪዋ። ጎንደር አጠገብ በወለቃ ሲኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ተፈርተውና ተገልለው ኖሩ። ጀበናውን የሠራችው እጅ ቡናውን ለመጠጣት አትጠራም ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የብዙ ቤቶች ጀበና ግን አሁንም በሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ይሠራል። ቡና ላይ የሚሰጥ አስተያየት ቀላል የሚመስለው የሚታማው ሰው እዚያ ስለሌለ ነው። ስለ ወጥ ብሳሳት የሚጎዳ የለም፤ ስለ ጎረቤቴ ብሳሳት ግን ልጆቹ ሳይቀሩ ዕዳውን ይከፍላሉ።

ምግብ፣ ኳስና ምሥጢር ይህን ያህል የገነኑት ሌላው ሁሉ ስላስፈራም ነው። በንጉሡ ዘመን ጆሮ ጠቢ ነበረ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ቀይ ሽብር በየቤቱ ገባ፤ ቡናውም ለውጭ ምንዛሪ ስለሚፈለግ በየኬላው ይፈተሽ ነበር። እናቴ በኩባያ የተሰፈረ ቡና በነጠላዋ ደብቃ ስትገባ አስታውሳለሁ። በር ተዘግቶ የሚፈላው ያ ቡና ላይ ስለ መንግሥት የሚናገር አልነበረም። ስለ መንግሥቱ ወርቁ ጎል ግን እስኪበቃቸው ተከራከሩ። ሐሳብን የመናገር ልምድ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያቆዩልን እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ለዚህም ባለውለታዎቻችን ናቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስልክህን አስቀምጥና ስለ ወጡም ስለ ኳሱም ያሰብከውን በነፃነት ተናገር፤ የሚቃወምህንም እስከ በረካ ስማው። ወሬው ወደ ሰው ሲዞር ግን «ማን አየ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልስ ካልተገኘ ወሬው እዚያው ይቁም። ጀበናውን የሠራችው ሴትም ከሰፈርህ ካለች፣ ለቡናው አስጠራት።