የማቴ ዘር የጠፋበት ዘመን

በኦክላንድና በሳን ሆዜ መደብሮች፣ ከለስላሳ መጠጦች ጎን ከዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀው ዬርባ ማቴ በጣሳ ተደርድሮ ይሸጣል። መጠጡን በካሊፎርኒያ ካስተዋወቁት አንዱ ጓያኪ የተባለው ኩባንያ ነው፤ በ1996 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርጀንቲናዊው አሌክስ ፕራየርና አሜሪካዊው ዴቪድ ካር በሳን ልዊስ ኦቢስፖ መሠረቱት፤ ኋላም ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ወዳለችው ሴባስቶፖል ተዛወረ። ቅጠሉ ግን የሚመጣው ከሩቅ ነው። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ይሻል፤ የአርጀንቲናዋ ሚሲዮኔስ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ሳን ሆዜ 400 እንኳ አይሞላላትም።

የማቴ ባለቤቶች የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ጓራኒዎች ናቸው። ስፔናውያን ቅጠሉን መጀመሪያ ላይ የአረማውያን ልማድ ብለው አወገዙት። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቡናም በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ሲነወር ኖሯል።

ውግዘቱን የገለበጡት ኢየሱሳውያን ናቸው። ሚስዮናዊውን ፔድሮ ፓኤዝን በ1603 ወደ አገራችን የላከው ያው ማኅበር በ1609 በፓራጓይ ለጓራኒዎች መንደር መመሥረት ጀመረ። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ከኢትዮጵያ አስወጧቸው፤ በፓራጓይ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። ማቴ ያኔ ከሩቅ ጫካ ተለቅሞ በሰው ጀርባ ይጓጓዝ ነበር፤ በዚህም ብዙ ጓራኒ አለቀ። ስለዚህ ዛፉን በመንደሩ አጠገብ ማልማት አስፈለገ። ችግሩ ዘሩ ነበር። ማቴ ወፍ ዘራሽ ነው፤ ልጣጩ ጠንካራ የሆነው ዘር እንዲሁ ቢዘሩት በቀላሉ አይበቅልም። የመንደሮቹ አትክልተኞች ግን መላውን አገኙ፤ ዘሩን አጥበው፣ መደብ ላይ አፍልተው፣ ችግኙን ወደ ማሳ አዛወሩት።

የስፔን ንጉሥ በ1767 ማኅበሩን ከግዛቱ ሁሉ እንዲወጣ አዘዘ። መንደሮቹ ተበተኑ፣ ማሳው ዳዋ ዋጠው፣ ዘር የማብቀሉም ጥበብ አብሮ ጠፋ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ጥበቡ በጓራኒ አትክልተኞች እጅ ነበር፤ እነሱን የጠየቀ ሰው ግን ያለ አይመስልም።

ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤሜ ቦንፕላን ማቴን እንደገና ለማልማት ቢነሣ፣ በ1821 የፓራጓዩ አምባገነን ፍራንሲያ ወታደሮች የፓራናን ወንዝ ተሻግረው ማሳውን አወደሙበት። ፍራንሲያ ንግዱ ከእጁ እንዲወጣ አልፈለገም፤ ቦንፕላንንም እስከ 1829 አገር ውስጥ አግዶ ያዘው። ለቀማው ወደ ጫካ ተመለሰ፤ በዕዳ የታሰረ ለቃሚ ከጫካው በሕይወት መውጣት ብርቅ ሆነበት። ጸሐፊው ራፋኤል ባሬት ይህን ግፍ በ1908 በአደባባይ አጋለጠ። የማብቀያው ጥበብ የጠፋበትን ዘር ግን ቀደም ብሎ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ በቦነስ አይረስ የአትክልት ባለሙያው ካርሎስ ታይስ በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፈ አበቀለው።

የማቴ አዘገጃጀት ቅልጥፍና ይጠይቃል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሳይጠወልግ ወላፈን ላይ ይለበለባል፤ ቅጠሉ እየተንጣጣ እርጥበቱን ይተፋል፣ አረንጓዴነቱ ግን አይጠፋም። ከዚያ በዝግታ ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ ወራት ይቀመጣል። ሲጠጣ ቅል ውስጥ ተሞልቶ፣ ያልፈላ ሙቅ ውኃ ይፈስበትና ጫፉ ወንፊት በሆነ የብረት መምጠጫ ይመጠጣል። ቀጂው አንድ ነው፣ ቅሉም አንድ፤ በተራ ይዞራል። «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ደግሞ አይቀዳለትም።

ዛሬ አብዛኛው የአርጀንቲና ማቴ ጫካ ተመንጥሮ ፀሐይ ላይ በተዘረጋ ማሳ ይለማል። በ2025 ስሙን ወደ ዬርባ ማድሬ የለወጠው ጓያኪ ግን በዛፍ ጥላ ሥር ያደገውን፣ ከፓራጓዩ የአቼ ሕዝብና ከሌሎች የጫካ ነዋሪዎች እየገዛ ነው ስም ያተረፈው። የካፋን የጫካ ቡና የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በኦክላንድ ቡና የምትሸጡ ወገኖቼ፣ ቡናው ከየትኛው ጫካ፣ በማን እጅ እንደተለቀመ ከረጢቱ ላይ ጻፉበት፤ የዚህ አገር ሸማች ለማቴ አንብቦ ከከፈለ፣ ለካፋ ለቃሚም ይከፍላል።