አምሮትን የሚገታ መድኃኒት ፍለጋ፦ ከኮኬይን እስከ ሜታምፌታሚን

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ኮካ ባሳተመው ጽሑፍ ኮኬይን ሕሙማንን ከሞርፊን ሱስ ለማላቀቅ እንደሚረዳ ገልጾ ነበር። ምክሩን የተቀበለው ወዳጁ ኤርንስት ፎን ፍላይሽል-ማርክሶቭ፣ ራሱም ሐኪም፣ በሞርፊኑ ላይ ኮኬይን ጨምሮ በ1891 በ45 ዓመቱ አረፈ። ለሱስ ፈውስ ይሆናል የተባለው መድኃኒት ራሱ ሱስ ሆኖ መገኘቱ በሙያው ታሪክ ብቸኛው አይደለም፤ ሄሮይንም ወደ ገበያ የወጣው ሱስ የማያስይዝ ተብሎ ነው።

የአምሮት ጥያቄ በምርምር ጎልቶ የወጣው ክራክ የተባለው የሚጨስ ኮኬይን የአሜሪካን ከተሞች ባጥለቀለቀበት በ1980ዎቹ ነው። ኮኬይን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአንጎልን የዶፓሚን ሥርዓት ያዛባል፤ ሕመምተኛው ዕፁን ሲያቆም ደስታ የሚባል ነገር ይርቀዋል፣ አምሮቱም ይበረታበታል ተብሎ ታሰበ። ስለዚህም በቅድሚያ የተሞከሩት ብሮሞክሪፕቲንና የድባቴ መድኃኒቶች ነበሩ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ጋዊን፣ ኸርበርት ክሌበርና ባልደረቦቻቸው በ72 ተመላላሽ ሕሙማን ላይ ያካሄዱት የ6 ሳምንት ሙከራ በ1989 ታተመ። ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ተከታታይ ሳምንት ከኮኬይን የታቀቡት ዴሲፕራሚን ከወሰዱት 59 በመቶ፣ ሊቲየም ከወሰዱት 25 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከተሰጣቸው ደግሞ 17 በመቶ ነበሩ።

መፍትሔው የተገኘ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ተከታዮቹ ሙከራዎች ይህን ውጤት አላጸኑትም፤ ኋላ የተደረጉት አጠቃላይ ግምገማዎችም የድባቴ መድኃኒቶችን ለኮኬይን ሱስ የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሞዳፊኒልም ቢሆን በ2005 በወጣ አነስተኛ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ በ2009 በታተመው ሰፊ ጥናት በዋናው መለኪያ ከፕላሴቦ አልተሻለም። እዚህ ላይ የመለኪያው ጉዳይ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ክብደት አለው። አምሮት የሚለካው በሕመምተኛው ቃል ነው፤ ቃሉ «ቀንሶልኛል» እያለ ሽንቱ ሌላ ሊመሰክር ይችላል። ብዙዎች ሙከራውን አቋርጠው መጥፋታቸውም የቀሩትን ውጤት ያሳምረዋል።

በ2021 የታተመውና 403 የሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ ከዚህ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። በየ3 ሳምንቱ በመርፌ የሚሰጥ ናልትሬክሶን ከዕለታዊ ቡፕሮፒዮን ጋር ተጣምሮ ተፈተነ፤ ስኬት የተባለውም በፍጻሜው ከ4 የሽንት ምርመራዎች ቢያንስ 3ቱ ንጹሕ መሆናቸው ነበር። ውጤቱ 13.6 በመቶ ሲሆን የፕላሴቦው 2.5 በመቶ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ሕሙማን ሰማንያ ስድስቱ ያህል ግቡን አልደረሱም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለኮኬይንም ሆነ ለሜታምፌታሚን ሱስ ያጸደቀው መድኃኒት የለም። በንጹሕ የሽንት ምርመራ ልክ ሽልማት የሚሰጥበት የባሕርይ ሕክምና እስካሁን የተሻለ ማስረጃ አለው።

በጫት ውስጥ የሚገኘውና በ1975 የተለየው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዝምድና ስላለው ይህን ጥምረት ለጫት ተጠቃሚ ለማዘዝ የሚዳዳው ሐኪም ሊኖር ይችላል። የተፈተነው ግን በሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎች ላይ ነው፤ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም፣ ናልትሬክሶንም ኦፒዮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ድንገተኛና ከባድ የማቋረጥ ሕመም ይቀሰቅሳል።