«ማን አባረረህ?»

መቼም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የትልቅ ሰው ሩጫ ትርጓሜ አያጣም። ጎረምሳ ከሮጠ ይጠረጠራል፤ «ሌባ! ያዘው!» የሚል እንጂ የሚያጣራ አይገኝም። ከረባት ያሰረ ሰው ከሮጠ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። እናት ከሮጠች ወይ የታመመ ሰው አለ፣ ወይ የሞተ። ያለ አንዳች ምክንያት የሚሮጥ ሲያጋጥመን ደግሞ አንዲት የተለመደች ጥያቄ አለችን፦ «ማን አባረረህ?»

እኔን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተመዝግቤ ካናቴራዬን ይዤ ቤት ገባሁ።

«ምንድነው እሱ?»

«ካናቴራ ነው እማዬ። እሁድ እሮጣለሁ።»

«ማን አባረረህ?» አለችኝ። አልሳቀችም።

ለምን እንዳልሳቀች በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህ «ሯጭ ሕዝብ ነን» የምንለው ነገር ትንሽ ይመርመር።

በድሮው ሥርዓት ጌታ አይሮጥም። ጌታ በበቅሎ ይቀመጣል፤ የሚሮጠው አሽከሩ ነው። ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ ከበቅሎዋ ጎን ጎን ሱስ ሱስ ይላል። ደብዳቤ በእንጨት ሰንጥቆ ይዞ አገር የሚያቋርጠውም መልእክተኛ የሰው ታዛዥ ነው። ረጋ ማለት የጨዋነት ምልክት፣ ሩጫ የታዛዥ ሥራ ነበር። ዛሬም ሹም ሲሆን አካሄዱ ቀስ የሚል ሰው ታውቁ ይሆናል። ያ የበቅሎው ዘመን ርዝራዥ ነው።

ከዚያ አበበ ቢቂላ መጣ። የክቡር ዘበኛው ወታደር ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። እኛ እዚህ ችቦ በምናበራበት ምሽት፣ እዚያ ሮም ችቦ የያዙ ወታደሮች መንገዱን ያበሩለት ነበር። ከአክሱም ተነቅሎ በተወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። (ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።) አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ሠለሰው።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ሩጫ የኛ ሆነ እንላለን። የማን? አበበና ማሞ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ባልደረባ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በማረሚያ ቤት ክለቦች ያደጉ ናቸው። እነሱ ሮጡ፤ እኛ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አጨበጨብን። ቀድሞ ሩጫን ለአሽከር ትተን ነበር፤ በኋላ ደንብ ልብስ ለለበሰ ተውነው። «ሯጭ ሕዝብ ነን» የሚለው አብዛኛው ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሮጦ አያውቅም። እኔን ጨምሮ።

ይህ የተለወጠው በህዳር 1994 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ አዘጋጁ ከተባሉት ፊታውራሪው ሆነ፤ 10,000 ሰው ተመዘገበ፤ እሱም ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ሆኗል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የተሳታፊው ብዛት አይደለም። ከፊት ኃይሌ እየሮጠ፣ ከኋላው የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ አስተማሪ፣ ሊስትሮ፣ የቤት እመቤት በዚያው አስፋልት መከተላቸው ነው። ለዚያውም ማንም ሳያባርራቸው።

«ማንም ሳያባርራቸው» የምለው ለማሳመር አይደለም። እዚህ ላይ ነው ወደ እናቴ የምመለሰው።

ሩጫው የሚነሳበት መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የከሰከሱት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያው አደባባይ ጥግ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል፤ ገብቶ ማየት ነው።

እናቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። በ1970 ዓ.ም. 19 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ከቤት ሲወጣ ታጣቂዎች «ቁም!» አሉት። ሮጠ። ሩቅ አልሄደም።

እናቴ ገዳዮቹን ስትረግም ሰምቼ አላውቅም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ባይሮጥ ኖሮ።» ባይሮጥስ ኖሮ? ቆመው የተገደሉትን ማን ቆጠራቸው? ግን ሐዘን አያመዛዝንም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን መሮጥ ተከለከለ። ዳቦ ስትልከኝ እንኳ በር ላይ ቆማ «ቀስ ብለህ! እንዳትሮጥ!» ትላለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲሮጥ እኔ እንደ ሽማግሌ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እሄዳለሁ። ስንት ዳቦ ቤት ተዘግቶ ጠበቀኝ መሰላችሁ።

ዘመን ተለወጠ ስንልም መንገዱ ቶሎ አልተለወጠም። ከመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተቃውሞ ተከትሎ በከተማችን ሰው በጥይት ሞቷል። በእነዚያ ቀናት የሮጠ ሁሉ የሮጠው ለነፍሱ ነው።

እንግዲህ እናቴ ያልሳቀችው ለዚህ ነው። እሁድ ጠዋት ስወጣ «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ብላ ተረተችብኝና ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እሷ ልታንጋጥጥ፣ እኔ ልሮጥ።

ስለ ሩጫዬ የምኮራበት ብዙ የለም። አደባባዩ ሲሞላ የማየውን ማመን አቃተኝ። ጭፈራው፣ ከበሮው፣ ፉጨቱ! ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ውስጥ እየጨፈሩ መሮጥ ጅልነት ነው፤ ጅል መሆናችንን የሚያስታውሰን ግን አልነበረም። ሜክሲኮ ሳልደርስ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ያሰርኩት ነው የተፈታው። ጎንበስ ብዬ ሳስር አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። መቼም አልደረስኩባቸውም።

አቀበቱ ላይ ሳንባዬ እንደ ወናፍ ሲነፋ፣ ሰዎች ከየግቢያቸው በጎማ ውሃ ይረጩን ነበር። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ቆሜ መሄድ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ከመንገዱ ጠርዝ ዱላ የያዘ አንድ ወጣት ፖሊስ አፍጥጦ አየኝ። የእናቴ ልጅ ነኝና ሰውነቴ ቀጥ አለ፤ እጄ እንኳ ሳላስበው ወደ ኋላ ሊጣመር ነበር።

«ምን ትቆማለህ? ሩጥ እንጂ! በርታ!» አለኝ። አጨበጨበልኝም።

ሮጥኩ። አሸናፊው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የጨረሰውን እኔ በአንድ ሰዓት ከ17 ደቂቃ ጨረስኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሜዳሊያዬንም አጠለቅሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሜዳሊያውን አላየችውም። ያየችው እግሬን ነው።

«ወታደር ነበረ?» አለችኝ።

«ፖሊስ ነበረ። መንገዱን ዘግተውልን።»

«ምን አሏችሁ?»

«‹ሩጥ› አሉኝ፤ ‹በርታ› አሉኝ።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመብኝ። ከዚያ ተነስታ ውሃ ጣደች፤ ጨው ጨመረችበት፤ ሳፋውን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠችና እንደ ልጅነቴ እግሬን ታጥበኝ ጀመር። «እሱም እኮ ሯጭ ነበር» አለች አቀርቅራ። «ትምህርት ቤት አንደኛ ይወጣ ነበር።»

በ26 ዓመት ውስጥ ስለ ወንድሟ ሩጫ ሌላ ነገር ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐውልትና ሙዚየም ያስፈልጉናል፤ የተሠሩትም ጥሩ ነው። የአንድ ከተማ መንገድ ግን የሚድነው በሐውልት ብቻ አይመስለኝም። ሰው ሲሮጥ «ማን አባረረህ?» ሳይባል፣ ዱላ የያዘውም «በርታ» ሲለው ነው። በዓመት አንድ እሁድ አግኝተናል። የቀሩትን ቀናት ደግሞ እንዲሁ ለማድረግ ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀረናል።